ዓመቱን ሰጥቼሃለሁ

ሽንኩርትና ቲማቲም በጉሊት የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። ከአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ተበድረው፣ «እስከ 2015 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን ድረስ ተከፍሎ ይጠናቀቃል» የሚል ውል ላይ አውራ ጣታቸውን አሳርፈዋል። ፊደል አልቆጠሩም፤ ቀን ግን ማንም አይቆጥርላቸውም። ጾሙም፣ ዝክሩም፣ ዕቁቡም በቀን የሚሄድ ሰው ቀን አይስትም። ዘመኑ ሉቃስ መሆኑን፣ በሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ቀን እንደምትሆን ከልጅነታቸው ያውቁታል። ስለዚህ የአውደ ዓመቱን ገበያ እስከቻሉት ድረስ ሸጠው፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሰዓት በኋላ የቀራቸውን ዕዳ በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ማኅበሩ ቢሮ ደረሱ።

ገንዘብ ያዥዋ ቁጥሩን አስገባች። ኮምፒዩተሩ 70 ብር ቅጣት ጨመረበት።

«እማማ፣ አንድ ቀን አሳልፈዋል ይላል።»

«የቱን ቀን ነው ያሳለፍኩት? ዓመቱ ዛሬ አይደለም እንዴ የሚያልቀው?»

ገንዘብ ያዥዋ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ቀና ብላ አየች። ሴትዮዋ እውነት አላቸው። ኮምፒዩተሩ ግን ያለ ቅጣቱ ደረሰኝ አልሰጥም አለ። እናት ለቅቤ ካስቀመጡት ላይ 70 ብር ቆጥረው ሰጡ። ሲወጡ «ልጄ፣ ቀኑን እኔ አልሳትኩም፤ የሳተው ይኼ ነው» ብለው በጣታቸው ወደ ስክሪኑ አመለከቱ።

ያንን ፕሮግራም የጻፈችው ወጣት ሰነፍ አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ነገሩን በእሷ ስንፍና አሳብበን እንዳንገላገለው ብዬ ነው። ለምትጽፈው ኮድ ሁሉ ዩኒት ቴስት ትጽፋለች። እያንዳንዷ ትንሽ ቁራጭ ለብቻዋ ትፈተናለች፤ ቴስቶቹም በየማለዳው ይሮጣሉ። ከአንድ ዓመት በላይ አረንጓዴ ሆነው አይታቸዋለች። የሴትዮዋ ቅሬታ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ሲደርሳት መጀመሪያ ያደረገችው እነሱን ማስሮጥ ነበር። ሁሉም አረንጓዴ ሆኑ።

ቅጣቱን የሚያሰላው ፋንክሽን ከውጭ የሚቀበለው የተበዳሪውን ቁጥር ብቻ ነበር። ከዚያ ማንም ሳያየው፣ ራሱ ወደ ኮምፒዩተሩ ሰዓት ሄዶ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የዚያን ዓመት የመጨረሻ ቀን ያወጣል፤ ሁለቱን ያስተያያል። ወጣቷ የተሳሳተችው የመጨረሻውን ቀን ስታወጣ ነው። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ምንም ካልተረፈ ጳጉሜን 6 ናት ብላ ጻፈች። ይህ የፈረንጆቹ የፌብሩዋሪ ደንብ ነው፤ ኮድ ስትማርም ስትሠራም በጆሮዋ የኖረው እሱ ነው። በእኛ አቆጣጠር ግን ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው፤ 2011፣ 2015፣ 2019 እያለ ይሄዳል።

እንዲህ ያለ ስህተት ማንም ይሠራል፤ ቴስት የሚጻፈውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ቴስቱ ፋንክሽኑን ሲጠራው፣ ፋንክሽኑ ዛሬን ይጠይቃል። ቴስቱ በጥቅምት ከሮጠ ጥቅምትን ይፈትናል፤ በሐምሌ ከሮጠ ሐምሌን። ስህተቱ ደግሞ የሚታየው በአራት ዓመት ውስጥ በአንዲት ቀን ብቻ ነው፤ ከ1461 ቀን አንዷ። በቀሩት 1460 ቀናት ቴስቱ አረንጓዴ ሲሆን አልዋሸም። ስለ ዛሬ ተጠየቀ፤ ስለ ዛሬ መለሰ።

ታዲያ በዚያች በአንዷ ቀን ጠዋትስ? ወጣቷ የቆየውን መዝገብ ወደ ኋላ እየገለጠች ፈለገችው፤ አገኘችውም። ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ ሰኞ ማለዳ፣ አንድ ቴስት ቀይ ሆኗል። ከበዓሉ ማግስት ከባልደረቦቿ አንዱ ደግሞ አስሮጠው፤ አረንጓዴ ሆነ፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ልጁን ለመውቀስ አፏን አልከፈተችም፤ እሷም ብትሆን ያንኑ ታደርግ ነበርና። በዚያ ቢሮ አንድ የታወቀ ቴስት ነበር። ሌሊት ሲሠራ ያመሸ ሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ካስሮጠው ይወድቃል፤ ጠዋት ሲደገም ያልፋል። ምክንያቱን ማንም አጥብቆ አልፈለገም። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነበር፤ ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ እሱም ከአዲስ አበባ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ለእኛ እኩለ ሌሊት አልፎ ቀኑ ሲለወጥ፣ ለሰርቨሩ ገና ትናንት ነው። ኮዱ ቀኑን አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ እየጠየቀ ሁለት የተለያየ «ዛሬ» ይዞ ይመለሳል። ለዚህ ሁሉ የቢሮው መድኃኒት «ጠዋት ድገሙት» የሚል ነበር። እኔ ከራሱ ከስህተቱ ይልቅ ይህ ልማድ ያሳዝነኛል። ቀይ መብራት አንድ ጊዜ «ሲነጋ ይሻለዋል» ከተባለ፣ እውነተኛው ቀይ ሲመጣም የሚያየው ሰው አይኖርም። የጳጉሜን 6ቱን ማስጠንቀቂያ የቀበረው ያ የሌሊቱ ቴስት ነው።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2008 የማይክሮሶፍት ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ባለ 30 ጊጋባይቱ ዙን፣ በየሰዉ ኪስ ውስጥ ደርቆ ቀረ። ዓመቱ 366 ቀን ነበረው፤ ቀኑን የሚያሰላው ኮድ 366ኛው ቀን ላይ ሲደርስ መውጫ አጥቶ በአንድ ቦታ ይሽከረከር ነበር። በማግስቱ ቀኑ ሲለወጥ መሣሪያዎቹ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ደግሞ የዚያው ኩባንያ አዠር የተባለው አገልግሎት ወደቀ፤ ሰርተፍኬት ሲያዘጋጅ በዓመቱ ላይ አንድ ብቻ እየደመረ፣ የሌለ ቀን፣ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2013ን ይጽፍ ነበር። ሁለቱም ስህተቶች ኮዱ ውስጥ ቁጭ ብለው ቀናቸውን ይጠብቁ ነበር።

የወጣቷ አለቃ ነገሩ ሲነገረው «ደንቡን አስተካክዪና እለፊው፤ ሌላ ጳጉሜን 6 የሚመጣው በ2019 ነው» አላት። እሷም አስተካከለችው፤ ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው። ከዚያ ቴስቶቹን አስሮጠች። አረንጓዴ። እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ከማስተካከሏ በፊትም አረንጓዴ ነበር፤ ካስተካከለች በኋላም አረንጓዴ ነው። ታዲያ ማስተካከሏን የነገራት ማን ነው?

ጳጉሜን 6ን መልሳ ለማየት ያላት መንገድ አንድ መሰላት፤ የኮምፒዩተሯን ሰዓት ወደ ኋላ መለሰችው። ሰዓቱ ሲመለስ ግን አብሮት ያልተመለሰ ነገር በዛ። በዚያው ሰሞን ሰርተፍኬታቸውን ያደሱ ድረ ገጾች «ሰርተፍኬቱ ገና አልጸናም» ተብለው ተዘጉባት። ጠዋት የጻፈቻቸው ፋይሎች ለማሽኑ የወደፊት ፋይሎች ሆኑ፤ የቱ አዲስ የቱ አሮጌ እንደሆነ ግራ ገባው። በሙከራ ያስገባቻቸው መዝገቦችም የጳጉሜን ማኅተም ይዘው ሁሉም ሰው ወደሚጠቀምበት የሙከራ ዳታቤዝ ገቡ፤ እነሱን እየለቀመች ስታጠፋ መሸ። አንዲት ፋንክሽን ሌላ ቀን እንዲመስላት ብላ መላውን ማሽን አሳስታዋለች። ሰዓቱን ወደ ቦታው መለሰችው።

የመስቀል ሰሞን ጎጃም ውስጥ ወዳለው የአያቷ ደብር ሄደች። አያቷ መሪጌታ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። አጽዋማትና በዓላት በየዓመቱ መቼ እንደሚውሉ የሚወጣበት የቤተ ክርስቲያን ስሌት ነው። ወጣቷ በልጅነቷ ሲሉት ሰምታዋለች፤ አዳምጣው ግን አታውቅም። ያን ቀን ግንዱን ተደግፋ ተቀመጠች።

«2018» አሉ መሪጌታ። ያን ጊዜ ወሩ መስከረም፣ ዓመቱ 2016 ነው።

ለምድ የለበሰ አንድ ልጅ ተነሳና ሳይቸኩል ጀመረ። «5500 ዓመተ ፍዳ ሲጨመርበት 7518። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ለዘመን አንድ ሲተው ወንበሩ 12። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፤ በሠላሳ በሠላሳ ሲወጣ አበቅቴው 12። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 228፤ በሠላሳ በሠላሳ ሲወጣ መጥቅዑ 18። ከ14 በላይ ስለሆነ መጥቅዑ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7፤ ተደምሮ መባጃ ሐመር 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ሰኞ፤ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን።»

«ተቀመጥ። አንተ፣ 2025።»

ሁለተኛው ልጅ አነስ ያለ ነው። ተነሳና ፈራ ተባ አለ። «የኔታ፣ ዘንድሮ ስንት ነው?»

«ዘንድሮ ምን ያደርግልሃል?» አሉ የኔታ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ዓመቱን ሰጥቼሃለሁ።»

ወጣቷ ግንዱን ለቅቃ ቀና አለች።

ልጁ ማስላቱን ጀመረ። 7525 አለ። ለ19 ሲያካፍል የተረፈው 1 ብቻ ሆነ። ለዘመን አንድ ሲተው እጁ ላይ ምንም አልቀረም። ዝም አለ፤ ጣቶቹን ደግሞ ቆጠረ፤ የተሳሳተ መስሎት እንደገና ከ5500 ጀመረ፤ እንደገና እዚያው ደረሰ። ጓደኞቹ ሲያሾፉ መሪጌታ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው።

«አልተሳሳትክም። ወንበሩ አልቦ ነው፤ አበቅቴውም አልቦ። እንዲህ ሲሆን መጥቅዑ 30 ይሆናል። መስከረም 30 እሑድ ነው፤ ሰባት ጨምርበት። ከሠላሳ ሲያልፍ ነነዌ ከጥር ወደ የካቲት ይሻገራል። ጨርሰው።»

«የካቲት 7 ቀን ሰኞ» አለ ልጁ ቀስ ብሎ። «ትንሣኤ ሚያዝያ 16።»

ማታ ቡናው ሲፈላ ወጣቷ አያቷን ጠየቀቻቸው። «አባባ፣ ያን ትንሽ ልጅ ለምን ከባዱን ዓመት ሰጡት?»

«ወንበር አልቦ የሚሆነው በ19 ዓመት አንድ ጊዜ ነው። ያለፈው በ2006 ነበር። ልጁ ዓመቱ እስኪመጣ ከጠበቀ እኔ አልኖርም፤ እሱም ያን ጊዜ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። ዛሬ እዚህ ዋርካ ሥር ቢደናገር ማንንም አይጎዳም፤ በዓመቱ መባቻ ሕዝብ ፊት ቆሞ ቢደናገር ግን ሕዝቡ ጾሙን ይስታል።»

ስለ ሴትዮዋና ስለ ሰባው ብር ነገረቻቸው። ደንቡን እንዴት እንደሳተችውም ነገረቻቸው። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና «የሉቃስን ቀን ለዮሐንስ ሰጥተሽበታል» አሏት። ልክ ነበሩ፤ ለ4 ተካፍሎ ምንም የማይተርፈው ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ነው።

«ግን አባባ፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ደግሞ መኖር አለበት። ስሌቱ ካልጠየቀ ማን ይጠይቅ?»

«ደዋዩ አለ አይደለም እንዴ? ድሮ እኔ ተማሪ ሳለሁ አንድ ሰው ወጥቶ ጥላውን በጫማው ይለካና ይደውላል። እኛ እሱን ሰምተን እንገባለን። ሁላችንም እየወጣን በየጫማችን ብንለካ የአንዱ እግር ረጅም፣ የአንዱ አጭር፤ ቅዳሴው መቼ ይገባል?»

ወጣቷ አዲስ አበባ ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው የቅጣቱን ፋንክሽን ከሰዓቱ ጋር ማለያየት ነው። ከእንግዲህ ፋንክሽኑ ቀን አይጠይቅም፤ ቀን ይሰጠዋል። የተበዳሪው ቁጥር ከውጭ እንደሚመጣለት ሁሉ ቀኑም ከውጭ ይመጣለታል። ወደ ሰዓቱ የሚያየው አንድ በር ላይ ያለው ኮድ ብቻ ሆነ፤ ክፍያው ሲገባ አንድ ጊዜ ያያል፣ በአዲስ አበባ ቀን ይተረጉመዋል፣ ያንኑ አንድ ቀን ለሚቀጥሉት ሁሉ ያቀብላል። ይህ «አንድ ጊዜ» የሚለው ቀላል አይምሰላችሁ። በስልክ የተላከ ክፍያ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ቢደርስ፣ ደረሰኙ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት በፊት፣ ቅጣቱ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቢጠይቅ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ቀን ይታተማል። ያ የሌሊቱ ቴስትም በዚሁ ተፈወሰ፤ ከዚያ ወዲህ «ጠዋት ድገሙት» ያለ የለም።

ተበዳሪን ከ30 ቀን በኋላ የሚያስታውሰው ክፍል ትንሽ አስቸግሯት ነበር፤ እሱ የሚፈልገው አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን የሚሄድ ሰዓት ነው። ለእሱ ሰዓቱን ራሱን ከውጭ ሰጠችው፤ በሥራ ጊዜ እውነተኛውን፣ በቴስት ጊዜ እሷ ካልገፋችው የማይንቀሳቀሰውን። ሠላሳ ቀን መጠበቅ ቀርቶ አንድ ሰከንድ አልጠበቀችም። ይህ የእሷ ግኝት አይደለም። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው ስምንተኛ እትሙ ጀምሮ የቆመ ሰዓት የሚሰጥ ክፍል አለው፤ ዶትኔትም እ.ኤ.አ. በ2023 የራሱን አመጣ። ኮዱን ሳይነኩ ሰዓቱን ከውጭ የሚያቆሙ መሣሪያዎችም አሉ። የሰው አሮጌ ኮድ ለወረሰ ሰው እነዚህ ትልቅ እርዳታ ናቸው። ምርጫው በእጁ ላለ ግን ቀኑን በግልጽ ማቀበሉን እመክራለሁ፤ ፋንክሽኑ በቀን የሚለወጥ መሆኑን የሚያነበው ሰው ገና ከስሙ አጠገብ ያየዋልና።

ከዚያ የዋርካውን ሥር ፈተና ጻፈች። ጳጉሜን 5 ቀን 2015፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ መስከረም 1 ቀን 2016። ጳጉሜን 5 ቀን 2016። ጳጉሜን 6 ቀን 2019 እና 2023። አሮጌውን የተሳሳተ ደንብ ሆን ብላ መለሰችበትና አስሮጠችው፤ ቀይ። ቀዩን አይታ ደስ ሲላት ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ትክክለኛውን ደንብ አስገባች፤ አረንጓዴ። ሁሉም ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አለቀ።

አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። ጳጉሜን 6 ቀን ቅጣት የከፈሉትን ከመዝገቡ አወጣች። ከሴትዮዋ ሌላ 11 ሰዎች ነበሩ። ከ11ዱ አንድም ቅሬታ ያቀረበ የለም፤ ኮምፒዩተር ካለ ልክ ይሆናል ብለው ከፍለው ሄደዋል። ዝርዝሩን አትማ አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና እስኪፈርም ድረስ ከፊቱ አልተነሳችም። የ12ቱም ገንዘብ እንዲመለስ ተፈረመ።

የሴትዮዋን ራሷ ይዛ ወደ ጉሊቱ ሄደች። 70 ብሩን ከተስተካከለው ደረሰኝ ጋር ሰጠቻቸው፤ የተጻፈውንም ጮክ ብላ አነበበችላቸው። «ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ በወቅቱ የተከፈለ።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። «ደግሞ ስድስት ስትመጣስ?»

«የ2019ኟን አይቻታለሁ፣ እማማ። ከእሷ ቀጥላ ያለችውንም።»

«ሳትመጣ?»

«ሳትመጣ።»

እናት ብሩን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩ። ከአጠገባቸው የነበረውን ባዶ የቲማቲም ሣጥን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «እስቲ ቁጭ በይና ንገሪኝ» አሏት።